የስካታው እንባ

ስቴይንቮር የማትጸየፈው ነገር ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም ይላሉ የመንደሯ ሰዎች። እውነታቸውን ነው። እርጥብ ፎጣ ትጸየፋለች። ሰው ጺም ላይ የቀረ ሾርባ ካየች ያን ቀን ምሳ የለም። አውቶቡስ ውስጥ ሌላ ሰው አሙቆት የተነሳበት ወንበር ላይ ከምትቀመጥ በተራሮች መካከል ዘልቆ የገባውን ረጅም የባሕር ክንድ፣ ፊዮርዱን፣ ዳር ዳሩን በሙሉ ቆማ ብትሄድ ትመርጣለች። እንዲህ ያለችው ሴት የዕለት ጉርሷን ያገኘችው ግን ትል በመልቀም ነው።

ቀልድ አይደለም። በምዕራብ አይስላንድ ከፊዮርዱ አፍ ላይ ባለው የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሥሩ መብራት የሚበራበት የመስታወት ጠረጴዛ አለ። የተገፈፈው ዓሣ እዚያ ላይ ይዘረጋና ብርሃኑ ሥጋውን አልፎ ሲወጣ፣ ውስጡ የተጠቀለለው ትል እንደ ቡናማ ክር ይታያል። እሱን በወረንጦ እየነቀሱ ማውጣት ነው ሥራው። ስቴይንቮር ከልጃገረድነቷ ጀምራ ጸጉሯ እስኪሸብት ድረስ ይህንኑ ስትነቅስ ኖረች። ጓደኞቿ ከዓመት በኋላ ለምደውት ትሉን እያወጡ ስለ ባሎቻቸው ያወራሉ፤ እሷ ግን አንድም ቀን አልለመደችውም። ማታ እጇን እስኪላጥ ትታጠባለች። ባል አላገባችም፤ ምክንያቱን ሲጠይቋት «ሁሉም ያኮርፋሉ፣ ያገሳሉ» ብላ ትገላገላለች።

አንድ የመኸር ወቅት የሥራ አለቃዋ መጥቶ፣ «ስቴይንቮር፣ በቀኝ በኩል ትል እያለፈሽ ነው» አላት። ደሟ ፈላ። የሷን ዓይን መጠርጠር እንዴት ቢደፈር ነው! ሳምንቱን ሙሉ አኩርፋ ሠራች። ከዚያ አንድ ጠዋት ከጎኗ የምትሠራው ሴት የውሃውን ቧንቧ ስትለቀው ጨዋማ ውሃ ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ዓይኗን በክንዷ ሸፈነች። ጠረጴዛው ጠፋ። ዓሣውም፣ ወረንጦውም፣ ከጎኗ የቆመችው ሴትም ጠፉ። በቀኝ ዓይኗ የቀራት እንደ ጭስ የጠቆረ ነገርና ከዳር በኩል አንዲት ጭላንጭል ብቻ ነበረች። መብራት የጠፋ መስሏት ጮኸች።

የዓይን ሐኪሟ ወደዚያ አገር የምትመጣው በመኸርና በጸደይ ነው፤ መሣሪያዋን በመኪና ጭና በየጤና ጣቢያው ትዞራለች። ወጣት ናት፤ እጇ ንጹሕ ነው፤ ስቴይንቮር ለዚህ ብላ ወደደቻት። መርምራ ከጨረሰች በኋላ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ግላኮማ ነው። ቀኙ አልቋል። ግራውም ተጀምሯል።»

«እንዴት ይሆናል? አላመመኝም'ኮ!»

«አያምም። ዓይን ውስጥ ውሃ ይመነጫል፣ በማጣሪያ በኩል ደግሞ ይወጣል። ማጣሪያው ሲደፈን ግፊቱ ይጨምርና ከጀርባ ያለውን ነርቭ ይገድለዋል። የሚጀምረው ከዳር ስለሆነ ሰው አይታወቀውም። አንዱ ዓይን ለሌላው ይሸፍንለታል።»

«አምና ግን ደህና ነበርኩ።»

«አምናም ነበረብሽ። ከብዙ ዓመት በፊትም ሳይጀምር አይቀርም። ያኔ መጥተሽ ቢሆን…» ሐኪሟ አልጨረሰችውም። «የሞተው ነርቭ አይመለስም። የቀረውን ግን በጠብታ እንጠብቀዋለን። ግራሽ ለጊዜው ለመንዳት ይበቃሻል። ወንድም፣ እህት አለሽ?»

«አንድ ወንድም።»

«ይህ ነገር በዘር ይሄዳል። ሳይውል ሳያድር ይታይ።»

ስቴይንቮር ወደ ቤቷ ስትነዳ የተሰማት ሐዘን አልነበረም፤ ቅፍፍታ ነበር። የሰው ዓሣ ትል ስትለቅም የራሷን ዓይን በሽታው ውስጥ ውስጡን ሲበላው መኖሩ አቅለሸለሻት። አባታቸውንም አስታወሰች። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ማንኪያውን በዳበሳ ነበር የሚፈልገው። መንደሩ «የበረዶው ነጸብራቅ ነው፣ ባሕሩ ነው» አለ፤ ሁሉም አመነ፤ ሐኪም ዘንድ የወሰደው የለም። አሁን ተራው የኤንጊልበርት እንዳይሆን ፈራች። ወንድሟ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር፣ ከወደቡ እስከ ፋብሪካው የዓሣ ሳጥን በጭነት መኪና የሚያመላልስ ሰው ነው። የፊዮርዱ መንገድ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ባሕር ነው፤ ልጆችም በዚያው መንገድ ነው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት።

በማግስቱ ደጁ ድረስ ሄደች።

«ዓይንህን ተመርምረህ ታውቃለህ?»

«በየጊዜው! መንጃ ፈቃድ ሳሳድስ የፊደል ሰሌዳውን የመጨረሻ መስመር ነው የማነበው። ከሥሩ የማተሚያ ቤቱ ስም ቢኖር እሱንም አነብልሽ ነበር።»

«ሰሌዳው የሚለካው መሃሉን ነው። ይሄ በሽታ ከዳር ነው የሚበላው። ግፊቱን ይለኩህ፣ የዓይንህን ጀርባ ይዩልህ።»

«ጀርባዬን ሚስቴ ስታየው ኖራለች፤ ነፍሷን ይማር፤ አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም።»

«ኤንጊልበርት! እኔ አንድ ዓይኔን ቀብሬ ነው የመጣሁት።»

ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ግን ሳቀ። «አይዞሽ እህቴ። እኔ መድኃኒቴ ስካታ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይኔ እስኪቀላ ያስለቅሰኛል፤ ታጥቦ ነው የሚያድረው። አንቺ ነሽ ስካታ ጠልተሽ የቀረሽው።»

ስቴይንቮር ስሙን ስትሰማ ከደጁ አንድ እርምጃ ራቀች። ስካታ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። በትኩሱ ቢቀቀል ማንም ይበላዋል። የፊዮርዱ ሰዎች ግን ከምረው ለሳምንታት ይተዉታል፤ በራሱ ጊዜ እስኪበሰብስ፣ ሽታው እንደ ፈረስ ጋጣ ሽንት አፍንጫ እስኪሰነጥቅ ይጠብቁታል። ከዚያ ቀቅለው፣ የቀለጠ የበግ ሞራ አፍስሰውበት፣ ከገና ዋዜማ በፊት ባለው ቀን አፍና ዓይናቸው እየተቃጠለ ይበሉታል። ያለቀሰ ጀግና ነው፤ የሸሸ የከተማ ሰው ነው። ኤንጊልበርት ደግሞ በዓሉን አይጠብቅም፤ ጀልባ ማቆያው ውስጥ በርሜል ሙሉ አለው።

ከዚያ ቀን ጀምራ ወንድሟን መከታተል ያዘች። መኪናው በቀኝ በኩል ተጣምሟል። የጎረቤት ፖስታ ሳጥን ገጨ፤ «ያለ ቦታው ተክለውት ነው» አለ። የድልድዩን ብረት ላጠ፤ «ድልድዩ ጠቧል» አለ። በግ ሲገጭ ደግሞ «ከመሬት ፈልቆ ወጣብኝ» አለ፤ መንደሩም አብሮት ስለ በግ ቂልነት አወራ። ሁሉም በቀኝ በኩል መሆኑን ያየ አንድ ሰው የለም። ስንት ጤነኛ ዓይን ባለበት መንደር ይህን ማየት ለአንድ ዓይና ሴት መቅረቱ አናደዳት፤ የወንዶቹ «እኛ አንታመምም» ባይነት ከስካታው ይልቅ ከረፋት።

የስካታው ቀን ሲደርስ የኤንጊልበርት ልጅ ስቫላ ከዋና ከተማዋ ከሬይኪያቪክ መጣች። ስቫላ አርባን ያለፈች፣ ሁለት ልጆች ያሏት አስተማሪ ናት፤ አባቷ ከማንም ይልቅ እሷን ይሰማል። ስቴይንቮር በስቫላ ልታስገድደው ቆርጣ፣ ስንት ዓመት ወዳልረገጠችው ጀልባ ማቆያ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ገባች።

እንፋሎቱ በሩ ላይ ተቀበላት። ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ንፍጣቸው ወርዶ፣ በእጃቸው እየጠረጉ በዚያው እጅ ዳቦ ይቆርሳሉ። ኦግሙንዱር የሚባለው ቀልደኛ ጎረቤት አፉ ሞልቶ ጮኸ።

«ተአምር! ስቴይንቮር መጣች! በሩን ዝጉት፣ እንዳታመልጥ!»

«አፍህን ዝጋ፤ ያኘክከው ይታያል» አለችና በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ኤንጊልበርት ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ ያስተናግዳል። ሞራው ያለበት ማንቆርቆሪያ ቀኝ ክርኑ አጠገብ ነው።

«ሞራውን ማን ደበቀው?» አለ።

ሰዎቹ ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው።

«ክርንህ ሥር ነው አንተ ሰውዬ! ሊነክስህ ነው'ኮ!» አለ ኦግሙንዱር።

ኤንጊልበርት ሳቀና እጁን ሲያወናጭፍ ማንቆርቆሪያውን ገፍቶ ጣለው። ትኩሱ ሞራ ጠረጴዛው ላይ ተንጣለለ፤ ኦግሙንዱር ጭን ላይ ፈሰሰና ዘሎ ሲነሳ ሳቁ ቤቱን አናወጠው። ያልሳቀችው ስቴይንቮር ብቻ ናት። ተነስታ በሳህኖቹ ጀርባ ዞራ፣ ከወንድሟ በስተቀኝ ቆመችና እጇን ከጆሮው ፊት ለፊት ትንሽ ራቅ አድርጋ ዘረጋች።

«ወደ ስቫላ እያየህ ንገረኝ። ስንት ጣት ነው?»

«የምን ጣት?» ሊዞር ሲል፣ «አትዙር!» አለችው።

አልዞረም። እጇን አወዛወዘችው፤ ሁሉም ያያል፤ እሱ ግን ስቫላን ትክ ብሎ ማየቱን ቀጠለ። ሳቁ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ጠፋ።

«አባዬ» አለች ስቫላ። «እጇ አይታይህም?»

ያኔ ነው የፈነዳው። ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

«አውቀዋለሁ! አዲስ ነገር ያወጣች መስሏታል! እናታችን የሞተች ዓመት ለጉልበቴ ሬይኪያቪክ ሄጄ ዓይኔንም አይተውኛል። ግላኮማ ነው አሉኝ፤ ጠብታም ሰጡኝ። ታዲያ ምን ይጠበስ?»

ስቴይንቮር እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። እናታቸው የሞተች ዓመት እሷ በሁለቱም ዓይኖቿ ታይ ነበር። የቀብሩን ቀሚስ ራሷ ነበረች የሰፋችው፤ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ።

«ለእህትህ ንገራት አላሉህም?» አለችው ቀስ ብላ።

ኤንጊልበርት ሳህኑን አየ።

«ብለውኛል።»

«እና?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሐዘን ላይ ነበርሽ። በኛ ቤት ደግሞ ስለ ዓይኑ የሚያለቃቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። ደሞም ድኛለሁ ብዬ ነበር።»

«በምን ዳንክ?»

«በዚሁ ነዋ!» በሹካው ስካታውን ወጋው። «ሐኪሙ ራሱ ነው ያለኝ። ዓይን ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ መውጫ ሲያጣ ነው አለኝ። ውሃ ከሆነማ አስወጣዋለሁ አልኩ። ጠብታው ያቃጥላል፣ ስካታውም ያቃጥላል፤ ስካታው ቢያንስ ይበላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንባዬ እንደ ጉድ ይወርዳል፤ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይህ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሽማግሌዎች ግን አልሳቁም፤ እንዲያውም አንዱ ነገሩ ልክ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ያሰበ ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

«እንባ'ኮ ከውጭ ነው፣ አንተ ደደብ!» የስቴይንቮር ድምፅ ሰማይ ነካ። «ከዓይንህ ቆብ ሥር ነው የሚመጣው! ያኛው ውሃ ዓይኑ ውስጥ ነው። ጀልባህ ውሃ ቢያስገባ ውጭ ውጭውን ብትወለውለው ይደርቅልሃል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ላንቺ ክፉ አስቤ አይደለም!»

«ያንተን ተወው። የኔን ግንባር አድርገኸዋል።»

ወጣች። በረዶው ላይ ተንበርክካ፣ አንድም ጉርሻ ያልቀመሰችው ሴት ያለ የሌለውን አስመለሰች። ያንገሸገሻት ስካታው አልነበረም። ያ ሁሉ ዓመት በየገናው እቤቷ መጥቶ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ ዓይኗ ሲሞት ፊት ለፊቷ ድንች እየበላ ዝም ማለቱ ነበር። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። የወንድሟ ዝምታ ግን በርሜል ውስጥ እንደተከመረው ዓሣ ራሱን በራሱ ያበሰበሰ ነበር፤ እሱ ደግሞ መድኃኒት ነው ብሎ በላው።

ስቫላ ተከትላት ወጣች። «አክስቴ…»

«አትንኪኝ፤ እጅሽ ይከረፋል።» አፏን በበረዶ ጠረገች። «አንቺስ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? መነጽር እንኳ የለኝም'ኮ።»

«እኔም አልነበረኝም።»

ክረምቱን ከወንድሟ ጋር አልተነጋገረችም። ኦግሙንዱር አንድ ቀን ለእርቅ መጣ። «ሰውየው ተሰብሯል፣ ምግብም አይበላ፣ ደም ውሃ አይሆንም» እያለ ሲለማመጣት፣ «ይሰበር» አለችው። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፏ ላይ መቆሙንም አከለችበት።

ከገና በኋላ ስቫላ ደወለች። ተመርምራለች። ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ ነርቩ ግን ገና አልተነካም። ጠብታ ጀምራለች፤ በየጊዜው እየታየች ከጠበቀችው ምንም ላያጎድልባት እንደሚችል ነግረዋታል። ልጆቿም ካሁኑ ክትትል ይጀምራሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ስቴይንቮር ስልኩን ይዛ በደስታ አለቀሰች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ደስታው አፏ ውስጥ መረረ። ለሷም ይኸው ሊደረግላት ይችል ነበር፤ የሚያስፈልገው ከወንድሟ አፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር።

በረዶው ቀልጦ ሐኪሟ በመጣች ሰሞን በሩ ተንኳኳ። ኤንጊልበርት በእግሩ መጥቷል። ጺሙን ተላጭቷል፤ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ የስካታው ክርፋት ግን ከኮቱ አልለቀቀም።

«ሐኪሟ መጥታለች አሉ።»

«መጥታለች።»

«መኪና መንዳቱን አቁሜያለሁ። የኦግሙንዱር የልጅ ልጅ በብስክሌት… አልገጨኋትም። ግን አላየኋትም።»

ስቴይንቮር በሩን ልትዘጋው እጇ ሄዶ ነበር። የቆመችው ለሱ ብላ አይደለም፤ ለዚያች ባለ ብስክሌት ልጅ ብላ ነው። ደግሞ ትንሽ ለሱም ብላ ነው፤ ይህ ግን ራሷን አስጠላት።

መኪናዋ ወንበር ላይ ጋዜጣ አነጠፈችለት። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ በዚያ ብርድ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ነዳች።

ሐኪሟ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ግፊቱን ለካች፤ በትንሿ መብራት የዓይኑን ጀርባ አየች፤ ደጋግማ አየች። ከዚያ ኮምፒውተሯ ጋር ተቀምጣ፣ ሁሉንም ሰው እንደምትጠይቀው ጠየቀችው።

«በቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ ያለበት ሰው አለ?»

ኤንጊልበርት ወደ እህቱ ዞረ። ስቴይንቮር አላገዘችውም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዓይን ሥዕል እያየች ጠበቀች።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ። «ከሷ በፊት ደግሞ እኔ። አባታችንም ሳይሆን አይቀርም። አውቅ ነበር። አልነገርኳትም።»

የሐኪሟ ጣቶች ለአፍታ ቆሙ፤ ቀጥላ ጻፈች። ስቴይንቮር ይህን ቃል ክረምቱን ሙሉ ጠብቃው ነበር። አሁን ሲመጣ እሱም ገማት፤ ለሐኪሟ ነገራት እንጂ ለሷ አልነገራትም።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ትል ነበር እናታችን» አለችው።

«የሄደው አይመለስም» አለች ሐኪሟ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር እንዳልገባት ሆና። «ግፊቱ ግን ሊወርድ ይችላል፤ የቀረህን እናተርፋለን። ጠብታው በየቀኑ ነው፤ አይዘለልም። ስካታ ከፈለግክ ብላ፤ ለዓይንህ ግን ምንም አያደርግልህም። መኪና መንዳቱን ደግሞ ተወው። አሁን ዳር ዳሩ ምን ያህል እንደቀረህ እንለካለን። አንቺ ውጭ ጠብቂው።»

ኮሪደሩ ውስጥ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩ ገርበብ ብሏል። ይህን መሣሪያ ታውቀዋለች፤ ራስን ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ያስገቡና መሃሉን ትክ ብለው እያዩ፣ ዳር ላይ ጥቃቅን ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር በእጅ የያዙትን ቁልፍ መጫን ነው። ሲጫኑት ጠቅ ይላል። ያየ ይጫናል፤ ያላየ ብልጭ ማለቱንም አያውቅም።

ጠቅ። ጠቅ።

ከዚያ ዝም።

ስቴይንቮር የመጣችው ይህን ዝምታ ለመስማት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። በየዝምታው የሱ ዳር ሲጠፋ ልትሰማ፣ የዓይኗን ዋጋ በዚህ ልትቀበል ነበር። መኪናዋ ላይ እንድትጭነው ያደረጋት ለካ ይህም ኖሯል። አሁን ዝምታው መጣ፤ ረዘመ። ውስጥ ብርሃኑ እየበራ ነው፤ እንደሚበራ ታውቃለች፤ እሱ ግን አይጫንም። ጠቅ አለ አንዴ። እንደገና ዝም። የወንበሩን ክንድ ይዛዋለች፤ አውራ ጣቷ እንጨቱን ተጭኖ ነጥቷል።

«ተጫን» አለች ከንፈሯን ሳታላቅቅ። «ተጫን እንጂ፣ አንተ ክርፋታም። ተጫን።»